ሹራቡን ከማድነቃችን በፊት፦ ለሠሪዋ ስንት ተከፈላት?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ። ስለ አየርላንድ መንደሮችና ስለ እጅ ሥራቸው ነው። (ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቲቸር ደግሞ አየርላንድ ምን ወሰደው?» የምትሉ አትጠፉም። እኛ አየርላንድን የምናውቃት በቦብ ጌልዶፍ ነው፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በመጣው እርዳታ ነው፣ እስከ ዛሬ በየገጠሩ በሚሠሩት እንደ ኮንሰርን ባሉ ድርጅቶቿ ነው። ሰጪ አገር አድርገን ነው የምናስባት። እሷ ግን ራሷ የተራበች አገር ነበረች። ከ1845 እስከ 1852 ድንቹን በሽታ መታውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በረሃብ በሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ወጣ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው «የአየርላንድ ባህላዊ የእጅ ሥራ» ብዙው የተወለደው ወይም ያደገው ከዚያ ረሃብ በኋላ፣ ሰው የሚበላውን ሲፈልግ ነው። የዛሬው ነገሬም እሱ ነው።

ከሹራቡ ልጀምር። በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ አትላንቲክ ውስጥ፣ አራን የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። የደሴቶቹ ሹራብ በዓለም የታወቀ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ ላዩ ላይ እንደ ገመድ የተገመደ፣ እንደ ማር እንጀራ የተደረደረ ጥለት ያለው። ስለሱ የሚወራው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ጥለት ነበረው፤ ባሕር የወሰደው ዓሣ አጥማጅ ፊቱ ጠፍቶ ዳር ላይ ሲገኝ በሹራቡ ጥለት የማን ልጅ እንደሆነ ይለዩት ነበር።

ልብ ይነካል አይደል? ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው።

ይህ ሹራብ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙም ወደ ኋላ አይሄድም። የቤተሰብ ጥለት የሚባልም ነገር አልነበረም፤ አንዷ የጎረቤቷን ጥለት አይታ ትሠራለች፣ በላዩ ላይ የራሷን ትጨምራለች፣ በቃ። የሬሳው ታሪክ መነሻው ተውኔት ሳይሆን አይቀርም። ጆን ሚሊንግተን ሲንግ በ1904 መድረክ ላይ በወጣው ተውኔቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ባሕር የበላውን ወንድሟን በልብሱ ትለየዋለች። ግን ሹራብ አይደለም፣ ካልሲ ነው። የለየችውም በዘር ጥለት ሳይሆን ራሷ ስትሠራው ጥላ ያለፈቻቸውን ጥልፎች ቆጥራ ነው። እስኪ ልዩነቱን አስቡት! ተውኔቱ ውስጥ ያለችው የገዛ እጇን ሥራ የምታውቅ ሠራተኛ ናት። ሻጮቹ ጋ ሲደርስ ግን ሠራተኛዋ ጠፍታ «ጥንታዊው ጎሳ» ብቻ ቀረ።

እውነተኛው ታሪክ ምንድን ነው ካላችሁ፣ የሴቶች የገንዘብ ታሪክ ነው። በ1891 የእንግሊዝ መንግሥት ለምዕራብ አየርላንድ ድሃ አካባቢዎች አንድ ቦርድ አቋቋመ፤ ዓሣ ማጥመዱንና የጎጆ ኢንዱስትሪውን ለማሳደግ። በዚያ ዘመን የደሴቶቹ ሴቶች ከሌላ አገር ዓሣ አጥማጆች ሹራብ ያዩትን ወስደው በራሳቸው እጅ አሳመሩት። በ1930 ደግሞ ሙሪየል ጋሃን የምትባል ሴት ደብሊን ውስጥ ሱቅ ከፈተችና የገጠሩን ሰው የእጅ ሥራ እየገዛች ለከተማው ሰው ማቅረብ ጀመረች፤ የአራን ሴቶች ሥራም በሷ በኩል ገበያ አገኘ። በ1961 ክላንሲ ወንድማማቾችና ጓደኛቸው ቶሚ ሜከም ያንን ሹራብ ለብሰው አሜሪካ ውስጥ ኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ዘፈኑ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው!

ለኔ ይሄኛው ታሪክ ይበልጣል። ቤት ውስጥ ልጅ እያሳደገች፣ ከብት እያየች፣ ማታ በኩራዝ ቁጭ ብላ ለሽያጭ የምትሠራ ሴት አለችበት። «ጥንታዊ የጎሳ ምስጢር» ስንለው ግን ይህችን ሴት እናጠፋታለን። ጥንታዊ ምስጢር ደሞዝ አይጠይቅም፤ እሷ ግን ትጠይቃለች። ባህልን ከልክ በላይ ማወደስ ለሠሪው ላለመክፈል ምቹ ሰበብ ሲሆን ብዙ ጊዜ አያለሁ።

ዳንቴሉም እንደዚያው ነው። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሶፋው ላይ የሚነጠፈውን ዳንቴል ታውቁታላችሁ። ክሎንስ በምትባለው የአየርላንድ ከተማ የዳንቴል ሥራ የገባው በ1847፣ ረሃቡ በጸናበት ዓመት ነው። ካሳንድራ ሃንድ የምትባል የአንድ ቄስ ሚስት አስተማሪ አስመጥታ የአካባቢውን ሴቶች በኪሮሽ መሥራት አስተማረቻቸው። ድንቹ መሬት ውስጥ እየበሰበሰ ቤተሰብ የቆየው በሚስቶችና በሴት ልጆች ጣት ነው። በዚያው በሞናሃን አውራጃ ያለችው ካሪክማክሮስ ደግሞ በራሷ ዓይነት ዳንቴል ትታወቃለች፤ ልዕልት ዳያና በ1981 ስታገባ ቀሚሷ ላይ ከነበሩት ጌጦች አንዱ የቆየ የካሪክማክሮስ ዳንቴል ነበር። የቀሚሱን ፎቶ ያላየ የለም። የዳንቴሏን ሠሪ ስም የሚያውቅስ ስንት ነው?

አሁን ወደ አንድ መንደር ልውሰዳችሁ፤ ዋናው ነገሬ እዚያ ነው ያለው።

ግሌንኮለምኪል ይባላል። በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ፣ ዶኒጎል አውራጃ ውስጥ፣ ከሱ ወዲያ ባሕር ብቻ የሆነ ሸለቆ ነው። ስሙን ያገኘው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው መነኩሴ ከቅዱስ ኮለምኪል ነው። በየዓመቱ ጁን 9 በበዓሉ ቀን ምእመናኑ በድሮ የተቀረጹ የድንጋይ መስቀሎች መካከል 15 ቦታ እየቆሙ፣ እየጸለዩ ይዞራሉ፤ የጥንቱ ልማድ በባዶ እግር ነው። አካባቢው አይሪሽ ቋንቋ ከሚነገርባቸው ጥቂት አካባቢዎች አንዱ ነው። ቤቶቹ የሣር ክዳን ነበራቸው። የአትላንቲክ ነፋስ ክዳኑን ገንጥሎ እንዳይወስደው ጣሪያው ክብ ተደርጎ ይሠራል፤ በላዩ ገመድ ይወጠርና ግድግዳው ላይ ከተተከሉ የድንጋይ ችንካሮች ጋር ይታሰራል። ምድጃው ላይ የሚነደው ከረግረግ እየተቆረጠ በፀሐይ የደረቀ አፈር ነው። ቋንቋ አለ፣ እምነት አለ፣ እጅ ሥራ አለ። ባህል ከተባለማ ሞልቶ ተርፏል።

ግን ወጣቱ ይሄድ ነበር። ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካ።

በ1951 አባ ጄምስ ማክዳየር የሚባሉ ካቶሊክ ቄስ ወደዚህ መንደር ተመደቡ። ሲደርሱ መብራት የለም፣ የቧንቧ ውኃ የለም፣ የተነጠፈ መንገድ የለም፣ ክሊኒክ የለም፣ አንድም ፋብሪካ የለም። ቄስ ናቸውና «ልጆቼ፣ ባህላችሁን ጠብቁ፣ አገራችሁን አትልቀቁ» ብለው ሰብከው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። እሳቸው ግን መጀመሪያ ሕዝቡን አስተባብረው በነጻ ጉልበት የመሰብሰቢያ አዳራሽ አሠሩ፤ ወጣቱ ማታ ማታ የሚገናኝበት ቦታ እንዲያገኝ። ከዚያ መብራት፣ ውኃና መንገድ እንዲገባ ባለሥልጣናቱን ወጥረው ያዙ። ከዚያ የኅብረት ሥራ ማኅበር፤ አትክልት ማቀነባበሪያ፣ የሹራብ ሥራ፣ ዓሣ ማዘጋጃ።

ሙዚየሙስ መቼ መጣ? በ1967። ከመጡ 16 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያ ሙዚየም ዛሬም አለ፤ «የሕዝብ መንደር» ይሉታል። የአካባቢው ሰው በ18ኛው፣ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይኖርባቸው የነበሩ ቤቶች አምሳያ ሆነው የተሠሩ ሦስት የሣር ክዳን ቤቶችን ይዞ ነው የተከፈተው። የሠራውም ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ውስጡ ያለውን ዕቃም ከየቤቱ አምጥቶ የሰጠው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ መብራትና ሥራ፣ በመጨረሻ ሙዚየም። ሙዚየሙም ቢሆን ቱሪስት መጥቶ ገንዘብ እንዲተው ታስቦ የተሠራ እንጂ ለጉራ የቆመ አይደለም። አባ ማክዳየር ባህሉን ያዳኑት ሰዎቹ እዚያው መኖር እንዲችሉ በመታገል ነው። ሰው የሌለበት ባህል ዕቃ ነው። ሰው ካለ ግን ቋንቋውም ይነገራል፣ ክዳኑም ይታደሳል፣ ዙሩም ይዞራል።

ላጋንን አልፈልግም። ሁሉም አልተሳካላቸውም፤ ከጀመሯቸው ሥራዎች የከሰሩ አሉ፣ ስደቱም ጨርሶ አልቆመም። እሳቸውም በ1987 አረፉ። ነገር ግን በ1984 እዚያው መንደር ውስጥ ኦይዳስ ጌል የሚባል ለአዋቂዎች አይሪሽ የሚያስተምር ተቋም ተከፈተ፤ ከተለያየ የዓለም ጥግ ሰው ቋንቋውን ሊማር ወደዚያ ጥግ ይሄዳል። ወጣቱ ጥሎት ይሄድ ወደነበረው መንደር ሰው ሊማር መጣ!

ከዚያ መንደር ብዙም ሳይርቁ ኪልካርና አርዳራ የሚባሉ ሌሎች መንደሮች አሉ፤ የዶኒጎል ትዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ አገር። ሽመና የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። በጉ ይሸለታል፣ ፀጉሩ ይታጠባል፣ ይነከራል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ከዚያ ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን ይወረውራል። ለአንድ ሸማኔ ክር ለማድረስ ድሮ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበር፤ ፈታዮቹ ሴቶች ነበሩ። ቀለሙም ያኔ ይወጣ የነበረው ከአካባቢው ነው፤ ከእንጆሪ ዓይነት ፍሬ፣ ከቁጥቋጦ፣ ከድንጋይ ላይ ተፍቆ ከሚወሰድ ቅጠል አልባ ነገር። ከድንጋይ ላይ የሚፋቀው ዝገት የመሰለ ቡናማ ቀለም ይሰጣል። ጨርቁን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት በግራጫው መሐል ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ትዊዱ የሚታወቀው በነዚያ ነጠብጣቦች ነው።

ከላይ የጠቀስኩት ቦርድ በ1890ዎቹ እዚህ ያደረገው ነገር ይገርመኛል። ጨርቁን የሚመረምር ሰው መደበ፤ ጥሩ ሆኖ ለተገኘ ጨርቅ ከገበያው ዋጋ በላይ ጉርሻ ይከፈል ነበር። የተሻለ የሽመና ዕቃም አስገባ። «ባህላችሁ ድንቅ ነው» ከማለት ይልቅ «ጥሩ ሥራ፣ ጥሩ ዋጋ» አለ። ሸማኔ የሚገባው ቋንቋ ይሄ ነው። ዛሬም ትግሉ አላለቀም፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ለእጅ ሥራና ለኢንዱስትሪ ውጤቶች የቦታ ስም ጥበቃ የሚሰጥ ደንብ አጽድቋል፤ ሻምፓኝ የሚለው ስም ለአንድ አካባቢ ወይን ብቻ እንደተጠበቀው ማለት ነው። የዶኒጎል ሰዎችም «ዶኒጎል ትዊድ» የሚለው ስም ዶኒጎል ውስጥ ለተሠራው ብቻ እንዲሆን ሲወተውቱ ኖረዋል። ስሙ ገንዘብ ነዋ!

እስካሁን የነገርኳችሁ ደህናውን ነው። አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ።

አየርላንድ ውስጥ ተጓዦች የሚባሉ ማኅበረሰብ አሉ። በ2022 ቆጠራ ወደ 33 ሺህ ይጠጋሉ። በድሮ ጊዜ ከመንደር መንደር እየዞሩ ቆርቆሮ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ባልዲ፣ ኩባያ፣ የወተት ዕቃ ይሠራሉ፣ የተበሳ ድስት ይደፍናሉ። ገበሬው ያለ እነሱ አይሆንለትም ነበር። ግን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ የሚለው የሥራቸው ስም ስድብ ሆነ። ዕቃቸውን ገዝቶ፣ ሰዎቹን ከደጃፉ ያባርራል። ፕላስቲክና ርካሽ የፋብሪካ ዕቃ ሲመጣ ሥራው ሞተ፤ ስድቡ ግን አልሞተም! የአየርላንድ መንግሥት ራሱን የቻለ ብሔረሰብ ብሎ ያወቃቸው በማርች 1 ቀን 2017 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የቆርቆሮ ሥራቸው በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። መመዝገቡ ጥሩ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን አስቡት፦ ሙያው እንጀራ በሆነበት ዘመን ስድብ፣ እንጀራ መሆኑ ሲያበቃ ቅርስ። የእጅ ሥራ አዋቂ እስኪሞት ተጠብቆ ነው እንዴ የሚከበረው?

ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ አማርኛችን ደግሞ ለቀጥቃጩ፣ ለሸክላ ሠሪዋ፣ ለቆዳ ፋቂው፣ ለሸማኔው ምን ዓይነት ስም ይሰጥ እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ አየርላንድ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም።

«ቲቸር፣ ግን ባህል እኮ ሸቀጥ አይደለም፤ ገበያ ሲገባበት ይረክሳል» የሚሉኝ ይኖራሉ። ስጋቱ ይገባኛል። አየርላንድ ሄዳችሁ ቱሪስት የሚበዛበት ሱቅ ብትገቡ በማሽን የተሠራ ሹራብ ከነ«የጎሳችሁ ጥንታዊ ጥለት» ወረቀቱ ታገኛላችሁ። ይሄ ርክሰት ነው፣ አልክድም። ግን ያረከሰው ምንድን ነው? ገበያው ብቻውን አይደለም። የአራን ሹራብ ሲወለድም ለገበያ ነበር፤ የክሎንስ ዳንቴልም ለገበያ ነበር፤ ያኔ ግን አልረከሱም። የሚያረክሰው ሠሪዋ ከመሐል ስትወጣና ተረቱ ብቻ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይሸጥ ወይስ አይሸጥ» መሆን የለበትም። ከዋጋው ውስጥ ለእጁ ባለቤት የሚደርሰው ስንት ነው? እሱ ነው ጥያቄው።

ሌላው ደግሞ «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፣ ሽመናና ሸክላ ላይ ምን ቁጭ አደረገን?» ይላል። ማንም ልጁን በግድ ሸማኔ ያድርግ አላልኩም። አባ ማክዳየርም ሕዝቡ በኩራዝ እየፈተለ ይኑር አላሉም፤ መብራት ነው ያስገቡት። የሚፈልግ ሰው ሳያፍርና ሳይራብ ሊሠራው ይችላል ወይ ነው ነገሩ።

ይህ ጉዳይ እኔን የሚያንገበግበኝ በሥራዬ ምክንያት ነው። ክፍል ውስጥ ውጤቱ ዝቅ ያለ ልጅ ሲያጋጥመን «እንግዲህ ሙያ ነገር ብትሞክር» እንለዋለን፤ ቅጣት በሚመስል ድምፅ። በሂሳብ የሰነፈ ልጅ በእጁ ጎበዝ ይሆናል ብለን ሳይሆን ሌላ ቦታ ስላጣንለት ነው። የዶኒጎል ሸማኔ ድር ሲወጥር የሚቆጥረውን ቁጥር፣ ጥለት ለማውጣት የሚያሰላውን ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ግማሹ ክፍል ይወድቃል። ተመርቀው የሄዱ ልጆቼ አንዳንዴ በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል። ባንክ የገባው የሥራ ቦታውን ፎቶ ይልካል። ብረት የሚበይደው፣ ጥልፍ የምትጠልፈው ግን «ቲቸር፣ ያው ለጊዜው ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት። ለምን ለጊዜው? የሚያፍሩት በሥራቸው ጥራት አይደለም። እኛ አዋቂዎቹ ያስተማርናቸውን እፍረት ነው ተሸክመው የሚዞሩት።

እናንተ የጥልፍ፣ የብየዳ፣ የሽመና፣ የሸክላ ሰዎች የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ከዛሬ ጀምሮ ስትጽፉልኝ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል አውጡልኝ። የሠራችሁትን ፎቶ ላኩ፤ ዋጋውንም አብራችሁ ጻፉ። ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆች ደግሞ፣ ለበዓል የአገር ልብስ ስታዝዙ «ቀንሱልኝ» ከማለታችሁ በፊት ጥለቱን የሠራው ሰው ከዚያ ውስጥ ስንት እንደሚደርሰው ሻጩን ጠይቁት። የማያውቅ ከሆነ ወይም ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው።

ኮሜንት ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሰፈራችሁ ያለ፣ እጁ ወርቅ የሆነ አንድ ሰው አስቡና ሥራውን ጻፉልን፤ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ሙያውን የሚያስተምረው ልጅ አጠገቡ ይኑር አይኑር። ስሙን ፈቅዶላችሁ ከሆነ ብቻ ጥቀሱ። የሚገዛ ሰው እዚሁ ሊገኝ ይችላል።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።